ተመልሶ የሚዘራ ዘር፦ የአንድ አዘዞ ጓሮ ማስታወሻ

መስከረም 20

ዝናቡ ጋብ ብሏል። ጓሮው ግን ገና ጭቃ ነው። የእኛን የጎንደሯን አዘዞ ዋልካ አፈር የረገጠ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ጫማ ያስቀራል፤ በጋ ሲገባ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ለመቆፈር የሚመቸው በሁለቱ መሀል ያለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ያሉት ጥቂት ሳምንታት። ስለዚህ ዘሩን አሁኑኑ ማዘዝ አለብኝ።

ዘንድሮ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፍሬውን በልቼ፣ ዘሩን ይዤ፣ ለከርሞ መልሼ የምዘራው አትክልት።

አምና ከቅዳሜ ገበያ የገዛሁት ቲማቲም ጠንካራና ሲያዩት የሚያምር ነበር። ዘሩን አውጥቼ አደረቅሁና ተከልኩት። 22 እግር ነበር። አንዱ ሞላላ አፈራ፣ አንዱ ድቡልቡል፣ አንዱ እንደ ለውዝ ያነሰ፣ ሌላው ቅጠል ብቻ ሆኖ ቀረ። ጎረቤት ሁሉ «ዘሩ ተበላሽቶ ነው» አለኝ። አልተበላሸም። ዲቃላ ነበር። ዲቃላ የሚገኘው ሁለት የተለያዩ ወላጆችን በማዳቀል ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ብርቱ ይሆናል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ከዚያ ዘር ሲያዝ ግን ልጆቹ የአያቶቻቸውን መልክ ተከፋፍለው ይወጣሉ። ለገበያ ለሚያመርት ገበሬ ዲቃላ ጥሩ ነው፤ ምርቱ ይበዛለታል። የእኔ ጓሮ ግን 8 ሜትር በ5 ሜትር ነው። እኔ የምፈልገው እናቱን የሚመስል ልጅ ነው።

እናቴ ዘር ገዝታ አታውቅም። የጎመኑ ዘር ከማድቤቱ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ቅል ውስጥ ነበር፤ ጢስ እየመታው፣ ነቀዝ ሳይነካው። ቤት ስንቀይር ቅሉ የት እንደገባ አላውቅም። እሷም ካረፈች በኋላ ነው የፈለግሁት። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መስከረም 24

ቴሌግራም ላይ አንድ ቤተሰብ አገኘሁ። ቢሾፍቱ አጠገብ የሚኖሩ አባት፣ እናትና ሴት ልጅ ናቸው። ዘሩን ራሳቸው ዘርተው፣ ራሳቸው አድርቀው፣ በወረቀት ፖስታ አሽገው ይሸጣሉ። መልእክት የምትመልሰው ልጅቷ ናት።

ልቤን የሳበው ፎቶው አይደለም። እያንዳንዱ ዘር ሥር ሦስት ነገር ተጽፏል፦ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ወር እንደተሰበሰበ፣ ተፈትኖ ከመቶ ስንቱ እንደበቀለ። ከሱቅ ዘር ስገዛ እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም። «ይበቅላል?» ስል «አዎ ይበቅላል» ነው መልሱ።

ዝርዝራቸውን ሳነብ አመሸሁ። «የአገር ዘር» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ቆም ብዬ ያሰብኩትም ያኔ ነው። እናቶቻችን ከእኛ በፊት የሚያውቁት ብዙ ዘር ከሩቅ የመጣ ነው። ዲትሮይት የሚባለው ቀይ ሥር ከ1892 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ የአሜሪካ ዘር ነው። ማርግሎብ ቲማቲምም በ1925 እ.ኤ.አ. እዚያው የወጣ ነው። ቲማቲም ራሱ፣ በርበሬም ጭምር፣ መነሻቸው የአሜሪካ አህጉር ነው። በርበሬ የሌለበት የጎንደር ወጥ ማሰብ አልችልም፤ ግን አንድ ዘመን ላይ እንግዳ ነበር።

ጎመናችን ግን የቤት ልጅ ነው። የሐበሻ ጎመን ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን ተዳቅሎ በዚሁ በእኛ ደጋ ለምዶ የኖረ ተክል ነው። ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር የእሱ ፍሬ ነው። ቅጠሉን ወጥ፣ ዘሩን ለምጣድ። አንድ ተክል ይህን ሁሉ ሲያደርግ ኖሮ እኛ ዘሩን ከቤታችን አጠፋነው።

ያዘዝኩት፦ ማርግሎብ ቲማቲም፣ የሐበሻ ጎመን፣ ዱባ፣ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ።

መስከረም 25

ልጅቷ ገንዘብ ከመጠየቋ በፊት ጥያቄ ላከችልኝ። «እትዬ፣ አፈርዎ ምን ዓይነት ነው? ውኃ ከየት ያገኛሉ? ፀሐይ ስንት ሰዓት ያገኘዋል? ጎረቤት ዱባ ተክሏል?»

የመጨረሻው ገረመኝ። የጎረቤቴ ዱባ ምን አገባው አልኩ በሆዴ። ለማንኛውም ሁሉንም መለስኩ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ግድም ላይ ናት፤ አዘዞ ከመሀል ከተማው ትንሽ ዝቅ ትላለች። ውኃ በፈረቃ ነው፤ 500 ሊትር ሮቶ አለኝ። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለ። አዎ፣ ከአጥሩ ማዶ ያሉት ጎረቤቴ እማማ ዱባ አላቸው።

ማታ ከአባትየው ቮይስ መጣ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው፤ ረጋ ይላል። «ልጄ፣ አዘዞን አውቃታለሁ። ወታደር ሆኜ እዚያ ካምፕ ነበርኩ። ያ ዋልካ ቡትስ ያወልቅብን ነበር። እንግዲህ ስሚኝ። ቃሪያውን አሁን አልልክልሽም። ሌሊቱ እየበረደ ይሄዳል። ይበቅላል፣ ግን ቆሞ ይቀራል፣ አያድግም። ጥር መጨረሻ ላይ እንልክልሻለን፤ ያኔ ትከፍያለሽ። የሽንኩርቱ ዘር ደግሞ የአምና ነው። የሽንኩርት ዘር ዕድሜ የለውም፤ ከመቶ ስልሳው ነው የበቀለልን። በዚያው ዋጋ እጥፍ አድርገን እንሰጥሻለን።»

ሁለት ጊዜ አዳመጥኩት። ባለቤቴንም አስደመጥኩት። አልሸጥም የሚል ነጋዴ ሳገኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በቴሌብር 470 ብር ላክሁ፤ ማድረሻው 150 ብር ውስጡ ነው። ስክሪንሾቱን ስልክላት «ደርሶናል፣ ተባረኩ» አለችኝ።

ጥቅምት 2

ዛሬ ተልኳል። የደረሰኙ ፎቶ እጄ ላይ ነው።

ጥቅምት 8

አልደረሰም ተባልኩ። ከሦስት ቀን በፊትም እንዲሁ ነው ያሉኝ። መሬቱ ተቆፍሮ እየጠበቀ ነው። ዋልካው መድረቅ ጀምሯል።

ጥቅምት 13

ተገኘ! ዕቃ ማድረሻው ቢሮ ስሄድ ይህ ሦስተኛዬ ነው። ዛሬ ደረሰኙን አሳይቼ «እባካችሁ እኔው ልፈልግ» ብዬ ገባሁ። ከአንድ ከባድ ማዳበሪያ ሥር ተጨምድዶ ነበር። 11 ቀን ሙሉ። ዘር ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ እንዲያ ተጥሎ ሳየው ሆዴ ተላወሰ።

ቤት ገብቼ ስከፍተው የባሰ ነገር አገኘሁ። ሁለት ፖስታ ተቀዷል። የጎመኑና የቲማቲሙ ዘር ተደባልቆ ትልቁ ፖስታ ሥር ተሰብስቧል። ከአንድ ግራም ቲማቲም ብቻ 300 ያህል ዘር ይወጣል። በጣት ልለቅም ተቀመጥኩና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ፈዘዘ።

እማማ በአጥሩ በኩል አይተውኝ «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያጎነበስሽው?» አሉ።

ነገርኳቸው።

«ታዲያ ሰፌድ የለሽም?»

«አንቱን ላስቸግር ብዬ ነው እንጂ እማማ፣ ሰፌድስ አለ።»

መጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሰፌዱን ወደ ራሳቸው ትንሽ ዘንበል አደረጉት። ዘሩን ከላይ በኩል አፈሰሱት። ከዚያ በጣታቸው ጠርዙን መታ፣ መታ፣ መታ። የጎመኑ ዘር ድቡልቡል ነው፤ እየተንከባለለ ወደ ታችኛው ጠርዝ ወረደ። የቲማቲሙ ጠፍጣፋ ነው፤ ላዩ ላይ ፀጉር የመሰለ ነገር አለው። ያ ፀጉር ከስፌቱ ጋር ተያያዘና እዚያው ላይ ቀረ። የወረደውን በመዳፋቸው ሰብስበው ወደ ሳህን አደረጉ። እንደገና ዘንበል፣ እንደገና መታ መታ። ሦስት ጊዜ ሲያንገዋልሉት ሁለት ክምር ሆነ። አንዱ ቡናማና የሚያብለጨልጭ፣ አንዱ ገለባ የመሰለ። ከሁለቱ መካከል በእጅ የለቀምነው አሥር ቢሆን ነው።

ከጎመኑ ዘር ቆንጠር አድርገው በጥርሳቸው ሰበሩት። «ደህና ነው። ያቃጥላል» አሉ።

ጥቅምት 14

የመብቀል ፈተና። ሶፍት ውኃ ነክሬ ጨመቅሁ። ዘሩን በረድፍ ደረደርኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ፌስታል ውስጥ ከትቼ ማድቤት ሙቀት የሚደርስበት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩ። ከቲማቲም 20፣ ከጎመን 20፣ ከሽንኩርት 20፣ ከዱባ 10። በየቀኑ ጠዋት የምትቆጥረው ሰባተኛ ክፍል ያለችው ልጄ ናት። ማንም እንዲነካባት አትፈልግም።

ሶፍቱ እርጥብ ይሁን እንጂ ውኃ አይቋጥር። ውኃ ከበዛ ዘሩ አየር አጥቶ ይበሰብሳል።

ጥቅምት 22

የልጄ ቆጠራ። ጎመን በሦስተኛው ቀን ጀመረ፤ ከ20 ውስጥ 19። ቲማቲም 17። ዱባ 9። ሽንኩርት 11፤ ከመቶ 55 ማለት ነው። አባትየው ስልሳ ነበር ያሉት። ቃላቸው እውነት ነበር። ለልጅቷ ውጤቱን ስጽፍላት «በጣም ደስ ይላል፣ እዚህ ደብተራችን ላይ እናስገባዋለን» አለች። ገዢ ያበቀለውን የሚመዘግብ ሻጭ ነው ያገኘሁት።

ጥቅምት 23

ዘራሁ። መደቡ አንድ ሜትር ስፋት፣ ሁለት ሜትር ርዝመት አለው። ዋልካ ብቻውን ለችግኝ አይሆንም፤ ሲደርቅ ሥሩን አንቆ ይይዛል። ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ፣ አንድ እጅ አሸዋ ቀላቀልኩ። ከመሬቱ ስንዝር ያህል ከፍ አደረግሁት። በእንጨት ጫፍ መስመር አወጣሁ፣ ዘሩን አሳስቼ ረጨሁ፣ በስሱ አለበስኩ፣ በደረቅ ሣር ጎዘጎዝኩ። ዱባው ችግኝ አይፈልግም፤ አጥሩ ሥር ሦስት ጉድጓድ ቆፍሬ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ፍሬ አስቀመጥኩ።

ውኃ የማጠጣው በተበሳ ሃይላንድ ነው። በጀሪካን ከፈሰሰ ዘሩን ጠርጎ ይወስደዋል።

ጥቅምት 29

ጎመኑ ብቅ አለ። ሣሩን አነሳሁለት። ማንሳት ሲዘገይ ችግኙ ብርሃን ፍለጋ እየቀጠነ ይረዝማል፣ ኋላ መቆም ያቅተዋል።

ኅዳር 9

ጠዋት ስወጣ 14 የቲማቲም ችግኝ ከአንገቱ ተቆርጦ ተኝቷል። እንደ መቀስ ነው የቆረጠው። ቆራጭ ትል ነው። ሌሊት ወጥቶ ይበላል፣ ቀን አፈር ውስጥ ይተኛል። ሥሩን በጣቴ ጫር ጫር ሳደርግ ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ አመድማ ነው፣ የትንሽ ጣቴን ግማሽ ያህላል። ስድስት ያዝኩ። ለእማማ ዶሮዎች ሰጠኋቸው።

መድኃኒት አልረጨሁም። ሦስት ጠዋት ተከታትዬ ለቀምኩ። ችግኞቹ ወደ መደባቸው ሲዛወሩ ደግሞ ሃይላንዱን እንደ ቀለበት እየቆረጥኩ ለእያንዳንዱ አንገት አጠልቅለታለሁ። ግማሹ አፈር ውስጥ፣ ግማሹ ውጪ ሆኖ ትሉን ይከለክላል።

ኅዳር 29

ተከልን። ባለቤቴ ጉድጓድ፣ ልጄ ቀለበት፣ እኔ ችግኝ። ቲማቲም 24 እግር፣ ጎመን 40፣ ሽንኩርት ሁለት መደብ። ፀሐይ ስትበርድ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው የጀመርነው። ማታውን ውኃ ጠጥቶ ሌሊቱን ካረፈ ችግኝ ጠዋት ቀና ይላል።

ታኅሣሥ 20

ቲማቲሙ ጉልበቴ ደርሷል። ሸንበቆ እያቆምኩ በጨርቅ ቁራጭ ማሰር ጀመርኩ። ከ24ቱ አንዷ ግን እህቶቿን አትመስልም። የሌሎቹ ቅጠል ጠርዙ እንደ መጋዝ የተሰነጣጠቀ ነው። የእሷ ሰፊና ልሙጥ ነው፤ የድንች ቅጠል ይመስላል። ፎቶ አንስቼ ላክሁ።

የልጅቷ መልስ ማታውኑ ደረሰ። «እትዬ፣ ይሄ ማርግሎብ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ይሄ ቅጠል ያለው ሌላ ቲማቲም አለን፤ ስናሽግ ገብቶ ይሆናል። ፍሬውን ይብሉት፣ ለዘር ግን አይያዙት። እባክዎ ሌላም ካዩ ይንገሩን።»

ጥፋቱ የእኛ ነው ያለ ሰው ሳገኝ እምነቴ ይጨምራል። በዚያች ተክል ላይ ቀይ ክር አሰርኩባት፤ በኋላ እንዳልሳሳት።

ጥር 4

ስለ ጎረቤት ዱባ የጠየቁኝ ለምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ።

ዱባ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ሴቴዋን ለመለየት ቀላል ነው፤ ከአበባው ሥር ገና ከመጀመሪያው ሚጢጢ ዱባ አላት። ወንዴው ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው። ንብ ከእማማ ዱባ ወደ እኔ ትበራለች። ፍሬው አይለወጥም፣ ወጥ ሆኖ ስንበላውም አናውቀውም። ውስጡ ያለው ዘር ግን ይደባለቃል፤ የሚታወቀው ለከርሞ ሲዘራ ነው። ስለዚህ ንቧን መቅደም አለብኝ።

አባትየው በቮይስ እንዲህ አስተማሩኝ። ነገ ሊፈነዳ የደረሰ አበባ ጫፉ ቢጫ ይሆናል። ትናንት ማታ አንድ ሴቴና ሁለት ወንዴ መርጬ ጫፋቸውን በክር አሰርኩ። ዛሬ ገና ሳይረፍድ ወጣሁ። ጤዛው እጄን አራሰኝ። ወንዴውን ቆርጬ ቅጠሎቹን ገነጠልኩ፤ መሀሉ ላይ ያለው ቢጫ ዱቄት ጣቴን አቀለመው። የሴቴዋን ክር ፈታሁ። ወዲያው ተፈታ፤ ታፍኖ የቆየ የማር ሽታ ወጣ። ዱቄቱን በሦስቱም ወገን ቀባኋት። ሁለተኛውንም ደገምኩ። ከዚያ መልሼ አሰርኳት፣ ዘንጓ ላይም ክር አንጠለጠልኩ።

ስጨርስ አንዲት ንብ መጥታ የታሰረውን አበባ ሁለት ጊዜ ዞረችውና ሄደች።

ጥር 13

ጥምቀት አለፈ። ሦስት ቀን ቤት ሙሉ እንግዳ ነበር። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውኃ የፋሲልን መዋኛ ሲሞላ እያየሁ፣ ልቤ ግማሹ እዚህ ጓሮ ነበር። ሠፈራችን በዓሉን ሁሉ ውኃ አልመጣም፤ ሮቶውን ለእንግዳ አዋልነው። ለተክሎቹ ያጠጣሁት ሩዝና አትክልት የታጠበበትን ነው። ሳሙና የነካውን አልነካሁም። ጉዝጓዙ ባይኖር ዋልካው ተሰንጥቆ ሥር ይበጥስ ነበር። ሁለት የሽንኩርት ረድፍ ደረቀብኝ። ሌላው ቆመ።

ዱባዋ ይዛለች። ቡጢ አክላለች።

የካቲት 2

ቃሪያው መጣ። እንዳሉት፣ ጥር መጨረሻ ላይ ተልኮ ነበር። ያኔውኑ ዘራሁት። ፖስታው ውስጥ ያላዘዝኩት ሌላ ትንሽ ፖስታ አለ፦ «ማርግሎብ፣ እንደገና አንድ በአንድ የተለቀመ።»

የካቲት 15

የመጀመሪያው ቲማቲም ቀላ። ድቡልቡል፣ ሥጋው ወፍራም። ቆርጠን ጨው ነስንሰን በእንጀራ በላን። ከዚህ በላይ አላወራም፤ በልተው ይዩት።

ለዘር የምይዘው ከአምስት እግር ነው፤ ቅጠሉ ጤነኛ ሆኖ ሳይታመም ከቆየው። በፍሬው ትልቀት ብቻ አልመረጥኩም።

የካቲት 28

ዘር ማውጣት። ፍጹም የበሰሉትን ቲማቲሞች ሰንጥቄ ዘሩን ከነጭማቂው ብርጭቆ ውስጥ ጨመቅሁ። ትንሽ ውኃ ጠብ አደረግሁበት፣ በስስ ጨርቅ ከደንኩት። በሦስተኛው ቀን ላዩ ላይ ነጭ ሻጋታ አበጀ፤ ሽታው እንደ ጠላ ቤት ነው። ይህ መሆን አለበት። ዘሩን የሸፈነው ዝልግልግ ነገር የሚለቀው ሲብላላ ነው። ውኃ ሞልቼበት አማሰልኩ። ጥሩው ዘር ሰመጠ፣ ፍሬ የሌለው ተንሳፈፈ። ተንሳፋፊውን ደፋሁ፣ የቀረውን በወንፊት አጠብኩ።

ወረቀት ላይ እንዳይደርቅ፤ ይጣበቃል፣ ሲላጥ ይጎዳል። እኔ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አሰጣሁት። በቀን ሁለት ጊዜ በጣቴ አማሰልኩት።

መጋቢት 10

ጾሙን ጎመን ጎመን ስንል ከረምን። 40 እግር ለአንድ ቤት ብዙ ነው፤ ለሦስት ጎረቤት አዳረስኩ። ለዘር 20 እግር ቅጠሉን ሳልነካ ለይቼ ነበር። ከአንድ እግር ብቻ ዘር መያዝ አይበቃም፤ ዘሩ እየጠበበ፣ እየደከመ ይሄዳል።

እማማ መጥተው አዩና በጣታቸው ሁለቱን አሳዩኝ። «እኒህን ንቀያቸው።»

«ለምን? ከሁሉ ቀድመው ያበቡት እነሱ ናቸው።»

«ለዚያ ነው! ጎመን የምትዘሪው ለቅጠሉ አይደል? ቀድማ ያበበችውን ለዘር ከያዝሽ ልጇም ለአበባ ትቸኩላለች። ቅጠል አትሰጥሽም። ዘግይታ ያበበችውን ነው መያዝ።»

ነቀልኳቸው። ይህን የትኛውም ወረቀት ላይ አላነበብኩም። አጥር ለአጥር ስንኖር ስንት ዓመታችን ነው፤ ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

ቁጭ ብለው የልጅነት አገራቸውን ወገራን አወሩኝ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመዶቻቸው ዘር ሳይቀር መብላታቸውን ነገሩኝ። «ዘር ተበላ» ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ያን ጊዜ በአገር ደረጃ ዘር እየሰበሰበ የሚያስቀምጥ ማዕከል ነበር፤ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ። ከመሪዎቹ አንዱ ዶክተር መላኩ ወረደ ነበሩ። ዘሩ በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው ማሳ ላይ እየተዘራ እንዲጠበቅ ሠርተዋል፤ በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። ይህን ለእማማ ስነግራቸው «እግዜር ይስጣቸው» አሉና የጎመኑን ግንድ ደገፍ አድርገው ቀና አደረጉት።

ሚያዝያ 2

ዘሩን የያዘው የጎመኑ ቆባ ቢጫ ሆነ። ታችኞቹ ሲነኩ ይንኮሻኮሻሉ። ሁሉም እስኪደርቅ መጠበቅ የለም፤ ይፈነዳና ዘሩ መሬት ይቀራል። ጠዋት በጤዛው አጨድኩ። አንሶላ ላይ ዘርግቼ ሦስት ቀን አቆየሁና በዱላ ወቃሁት። ገለባውን እኔው አንገዋለልኩ። እጄ ገና ነው፤ ግማሹን ከሰፌዱ አስመለጥኩ። ዶሮዎቹ ደስ አላቸው።

ሽንኩርቱ ዘንድሮ ዘር አይሰጥም። መጀመሪያ ራሱን ይሠራል። ያ ራስ ተቀምጦ እንደገና ሲተከል ነው የሚያብበው። አሥር ጥሩ ጥሩ ራስ ለይቼ ቆጥ ላይ አድርጌያለሁ።

ሚያዝያ 6

ክር ያለባት ዱባ ከተቆረጠች አንድ ወር ሆናት። ሳትከፈት ያቆየኋት ዘሩ ውስጧ እንዲጠነክር ነው። ዛሬ ሰነጠቅናት። ልጄ ዘሩን ቆጠረች፤ 186። ታጥቦ ጥላ ላይ ተሰጣ። ሥጋዋ ወጥ ሆነ፤ ለእማማም በሳህን ተላከ።

ሚያዝያ 12

ፖስታ ስናዘጋጅ ዋልን። እንደ ቢሾፍቱዎቹ ሁሉ በየፖስታው ላይ ጻፍን፦ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተሰበሰበ፣ ከስንት እግር። ጎመኑ ላይ ልጄ «ቀድመው ያበቡት ተነቅለዋል» ብላ ጨመረች። ሁሉንም ክዳኑ በሚጠብቅ ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ከተን ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀመጥነው። ከየዓይነቱ አንድ አንድ ለእማማ ሰጠሁ። እሳቸው ወረቀቱን ቀደው ዘሩን ቅላቸው ውስጥ ገለበጡት። ከማድቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ሳየው ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ለቢሾፍቱ ልልክላቸው ፈልጌ ልጅቷን ጠየቅኋት። «ዱባውን በጣም እንፈልገዋለን፤ የእኛ ዘንድሮ በበረዶ ተመትቷል። የወገራ ነጭ ሽንኩርት ካገኙም አባባ ይለምኑዎታል። ግን እትዬ፣ ዱባው ተፈትኗል?»

አልተፈተነም ነበር።

ሚያዝያ 14

ሶፍት፣ ፌስታል፣ ማድቤት። ከዱባ 10፣ ከቲማቲም 20፣ ከጎመን 20።

ሚያዝያ 22

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታወልቅ ነው የቆጠረችው። ጎመን 20። ቲማቲም 18። ዱባ 10።

አንድ ኪሎ ነጭ ሽንኩርት ከቅዳሜ ገበያ ከአንዲት የወገራ ሴት ገዛሁ። ከዱባው 60 ፍሬ ቆጥሬ በሁለት ፖስታ አሸግሁ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ በካርቶን አደረግሁ። ላዩ ላይ በትልቁ «ዘር ነው፣ ዕቃ አይጫንበት» ብዬ ጻፍኩ። ነገ ጠዋት ይላካል።